የባቄላ ሂሳብ

ቅዳሜ እኩለ ቀን፣ ማኅተሙን ቆልፌ፣
የሰው መሬት ካርታ በመሳቢያ አጥፌ፣
ለሌላኛው ካርታ ወጣሁ ከደብረ ሲና፣
ሚስቴን "ጥርስ ሐኪም ጋ ነኝ" አልኳትና።

በግራዬ ኪስ ሁለት ሺህ፣ የጨዋታ፤
በቀኜ መሳፈሪያ፣ የማይነካ ላፍታ።
"ካለቀ አለቀ" ነው የራሴ አዋጅ፣
አራት ጊዜ ብቻ የሻርኩት በገዛ እጅ።

ሚኒባሱ ቃተተ፤ የጣርማ በር ጉም
መስታወት ላይ ተኝቶ አልነሣ አለ ምንም።
ዋሻው ሲውጠን ሁሌ አንድ ነገር አደርጋለሁ፦
ዓይኔን እጨፍንና "አስ፣ አስ" እላለሁ።
ስንወጣ አንድ ጭላዳ ከገደሉ ጫፍ ላይ
ደረቱን አቅልቶ ተቀምጧል፣ ሊያይ
ማን ሞልቶ እንደሚወርድ፣ ማን ጎድሎ እንደሚታይ።

የደብረ ብርሃን ብርድ ጆሮ ይቆነጥጣል፣
እንደ የኔታ እጅ፣ ጥፋትህን ያውቃል።
ከፋብሪካው ማዶ፣ ብርድ ልብስ ከሚሠራበት፣
የወይዘሮ ጥሩአየሁ ማደሪያ አለበት።
ፊቱ "አልጋ አለ" ይላል፣ ጓሮው አልጋ የለም፤
አንድ አምፖል፣ ስድስት ወንበር፤ መስኮቱ አይከፈትም።
ገንዘብ አይታይም፤ እህል ነው የሚቆጠር፣
ባቄላው ዐሥር ብር፣ ግማሹ ነው አተር።
ያለቀበት ሲነሣ አንዱ ከጥግ ይላል፦
"ባቄላ አለቀ ቢሉ፣ ፈስ ቀለለ!" ይሳቃል፤
የተበላውም ይስቃል፣ ካፖርቱን ይደርባል።

ሸዋፈራሁ አለ፣ የበግ ነጋዴ ከመንዝ፣
መጥፎ ሲደርሰው የሚያፏጭ፣ ጥሩ ሲደርሰው የሚተክዝ።
መምህርት አመለወርቅ፣ ትዕግሥቷ የሚያስጨንቅ፣
ሁለት ሰዓት ጥላ ጥላ፣ ስትገባ የምታደርቅ።
ጋሽ አጥላባቸውም አሉ፣ የአሰብ መንገድ ሾፌር፣
ካርታን እንደ መሪ ይዘው፣ ዓይናቸው ሩቅ የሚቀር።

ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ሰባትና ሁለት ደረሰኝ።
ከዚህ የከፋ እጅ የለም፤ እኔን ግን ሰይጣን ሹክ አለኝ።
መሐል ላይ ንጉሥ ወረደ፣ ንግሥት ተከተለች፣
ባቄላዬ ተከምራ ወደ መሐል ሄደች።
ሸዋፈራሁ ጣለ። መምህርቷም ጣለች።
ጋሽ አጥላባቸው አዩኝ፤
ጠመዝማዛ ላይ እንዳለ ሰው፣ ፍሬን ይዘው፣ ቆይተው አዩኝ፤
ሁለት ንጉሥ ገልጠው፣ ፈገግ ብለው ጣሉልኝ።
ቤቱ ጮኸ። ሦስት ንጉሥ የጣለ ሰው አይቶ አያውቅም።
እኔ እጄን አላሳየሁም፤
ከጠረጴዛው ሥር ግን ጉልበቴ አልቆመም።

እሑድ ጠዋት መናኸሪያ፣ ውርጭ በጣሪያ ቆርቆሮ፣
ሺህ ሦስት መቶ አርባ ትርፍ፣ አንገቴ እንደ አውራ ዶሮ።
ጋሽ አጥላባቸው ሻይ ይዘው አጠገቤ ተቀመጡ።
"ለመሆኑ" አሉኝ በዝግታ፣ ከብርጭቋቸው እየጠጡ፣
"ሰባትና ሁለት ይዞ ሰው እንዲህ ይኮራል?"
ሻዬ ቀዘቀዘ።
"አምፖሉ ከላይህ፣ መነጽርህ ከፊቴ፤
ሁለት ዓመት እንደ ታርጋ አነበብኩህ፣ በሞቴ።"
"ታዲያ ለምን ጣሉ?"
"ባዶ ኪሱን የወረደ፣ ቅዳሜ ይመለሳል?
ቤቱም እኮ ማሳ ነው፤ ሳይዘሩ ምን ይታጨዳል?"
ደግነት ይሁን ንግድ፣ እስከ ዛሬ አልለየሁም፤
መሳፈሪያዬን ግን ከፈሉ፣ እኔም አልተግደረደርሁም።

ማታ ሚስቴ "ተነቀለ?" አለችኝ።
"ተነቀለ" አልኩ። ጉንጬን በጨው ውሃ አስጉመጠመጠችኝ።

ሰኞ ቢሮ ገባሁ። ከኪሴ ወጣች አንዲት ጥሬ ባቄላ፣
የወይዘሮ ጥሩአየሁ ዐሥር ብር፣ ዕዳ ነች እንግዲህ ሌላ።
አንድ ባለጉዳይ ቆሟል፣ በድንበር የተካሰሰ፣
"ካርታዬን ይፈልጉልኝ" እያለ የተለሳለሰ።
መነጽሬን አወለቅሁ፣ በሸሚዜ ጠረግሁ፣
መልሼ አላደረግሁትም፤
ብዥ ያለ ፊቱን እያየሁ፣ መሳቢያዬን ሳብሁ።