ወንዝ ማዶ

አገረ ገዢው ፈረሙ፣ በወርቅ ማኅተም አተሙ፣
«ወላጅ ይምረጥ!» ሲሉ ጭብጨባውን ሰሙ።
ኦዴሳም ሰማችው፣ ከዓሣ ፋብሪካው ውስጥ፣
ቢላዋዋን አቁማ፣ ጓንቷን ሳታወልቅ ስታዳምጥ።

ማታ ከልጇ ጋር ካርታውን ዘርግተው፣
ሚሲሲፒን በጣት ተሻገሩ፤ ስንዝር አይሞላም ለለካው።
በጎማ ግን አርባ ማይል ነው፤
አውቶብሱ ከጥጡ እርሻ ዳር ይመለሳል፣
አሮጌው መኪናዋም ከሚያዝያ ወዲህ አኩርፎ ተኝቷል።

ቅጹ ላይ «መጓጓዣ» የሚል ጠባብ ሣጥን አለ።
ኦራሊ ብዕሩን ነክሳ ቆየች፤
እናት ተቀበለች፣
«እኛስ መርጠናል፤ መንገዱን እናንተ ምረጡልን» ብላ ጻፈች።

ፖስታውን ስታሽግ፣ ከጥፍሯ ሥር የቀረች
አንዲት የዓሣ ቅርፊት
ክዳኑ ላይ ተለጥፋ፣ እንደ ማኅተም አበራች።