ታኮ

ትርንጎ መንዳት ለመደች፣ በአርባ ዘጠኝ ዓመቷ፣
አዘዞ ሜዳ ላይ፣ «ለማጅ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎ ከፊቷ።
አስተማሪዋ ይበልጣል የሚሉት፣ ልጇን የሚያህል ጎረምሳ፣
«ፍሪሲዮን! ፍሪሲዮን እማማ!» ይጮሃል፣ እግሯ ሲረሳ።
ሦስቴ ወደቀች፤ በአራተኛው አለፈች፤
መንጃ ፈቃዷን ትራሷ ሥር አድርጋ አደረች።

እኔስ? ሃምሳ ስምንት የሞላኝ፣ የመሬት አስተዳደር ጡረተኛ፣
የጎንደርን ካርታ ከነጉድባው የማውቅ፣
ቀበቶ አስሬ እቀመጣለሁ ከጎኗ፣ ሒሳብ እንደከፈለ መንገደኛ።

ሰው መቼም ዝም አይልም። ማራኪ፣ ዳቦ ቤት ወረፋ ላይ፣
ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ፣ ካርታ ጨዋታው መሀል፣
«ሚስትህ እየነዳች አንተስ?» ዘመድም ባዳም ይላል።
አንዱ «ፈርቶ ነው»፣ አንዱ «ዓይኑ ነው» ይላል፣
የእድራችን ዳኛ «ቋጣሪ ነው፣ ነዳጅ ይቆጥራል» ብሎ ይስቃል።

እኔም አስቤበታለሁ፣ እንቅልፍ እምቢ ባለኝ ሌሊት።
ይበልጣል በዘጠኝ ዓመቱ ባጃጅ ነዳ፤ የአጎቱን፣ ሰርቆ፣ በውድቅት።
ዶክተር ማስረሻ አይነዳም፤ ታክሲ ውስጥ ነው ጋዜጣ የሚያነብ፣
«መሪ ከያዝሁ ማን ያነብልኛል?» ይላል፣ ከልቡ ሲያስብ።
እህቴ ውባንቺ ገንዘብ ሲኖራት ጉልበቷ ከዳት፣
ጉልበት ሳላት ጊዜ ባሏ ነበር ቁልፉን የደበቀባት።
ትርንጎስ? አምና በክረምት እናቷን ሲያማቸው፣ ባጃጅ አጥተን፣
ኮሌጅ ድረስ በቃሬዛ ወሰድናቸው፣ ጎረቤት ለምነን።
በማግሥቱ እሷ ልትመዘገብ ሄደች፤
እኔ ቃሬዛውን ልመልስ ሄድሁ።

የኔ ሌላ ነው። የኔ ሊማሊሞ ነው።

አባቴ አጣናው ፊያት ይነዳ ነበር፣ አፍንጫ የሌለው፣ አመድማ፣
ከአዲ አርቃይ ሽቅብ፣ ማሽላ ጭኖ፣ በጭጋግ ሲያቃስት ከሩቅ የሚሰማ።
ክረምት፣ ትምህርት ሲዘጋ፣ እኔ ከኋላ እጫናለሁ፣
የወይራ ታኮ ታቅፌ፣ በአሥራ ሁለት ዓመቴ፣ ጆሮዬን አቁሜ እጠብቃለሁ።
ሞተሩ ትንፋሽ ሲያጥረው፣ አባቴ በመስኮት «ታኮ!» ሲል፣
ዘልዬ ወርጄ ከኋላ ጎማ ሥር እወትፋለሁ፣ ጣቴን ነቅዬ ላመልጥ ስል።
ጎማው እንጨቱን ሲነክሰው አንድ ድምፅ አለው።
ስም የለውም እንጂ፣ የኔ ነው።

አንድም ቀን «ና፣ መሪ ያዝ» አላለኝም፣ ክፋት ኖሮት አይደለም፤
መሪ የሚይዝ ሞልቷል፤ ታኮ የሚያምኑት ሰው ግን የለም።
ረዳቱ ፈንታ፣ በአራት ዓመት የሚበልጠኝ፣ መኪናዋን ሊያጥብ ቀሃ ሲወርድ፣
«ጋሼ፣ ቁልፉን ልያዘው» አለ። ያዘው። ከዚያ መተማ፣ ከዚያ ገዳሪፍ፣ ከዚያ የማላውቀው መንገድ።
እኔ ቁልፍ አልጠየቅሁም። ይኸው ነው ሚስጥሩ።
የሰው ዓይን ከፊት መስታወት ላይ ነው፤ የኔ ጎማው ሥር ቀረ፣ ከአፈሩ።

ያለፈው እሑድ ታዲያ፣ «ጎሃ ወጥተን ከተማውን እንይ» አለችኝ፤
መብራት ሲበራ ያምራልና፣ ቪትዟ ውስጥ ከጎኗ አስቀመጠችኝ።
ዳገቱ እኩሌታ ላይ ሞተሩ ጠፋ። ከኋላችን ሰርግ፣
ሪባን የታሰረላቸው ስድስት መኪኖች፣ ጡሩምባ ሲያስጮህ፣ ሊያልፍ ሲፈልግ።
ፍሬን ያዘች። ለቀቀች። ወደ ኋላ። አንድ ክንድ። ሁለት ክንድ።
«ኧረ ጉዴ!» አለች፤ እጇ መሪው ላይ ደረቀ እንደ ግንድ።

እኔ አላሰብሁም። ማንም «ታኮ» አላለም።
በሩን ከፍቼ ነበር፤ ይህ ጉልበት፣ ደረጃ የሚያማርረው፣ አልታመመም።
ከመንገዱ ዳር ጥቁር ድንጋይ አነሣሁ፣ ወተፍሁ፤
ጎማው ሲነክሰው ያንን ድምፅ፣ ከአርባ ስድስት ዓመት በኋላ ሰማሁ።

ሚዜዎቹ ሳቁ። ሙሽራይቱ በመስኮት አየችኝ።
ትርንጎ አንደኛ ማርሽ አስገባች፣ ተነሣች፣ እዚያው ተወችኝ።
ወግ ነው፤ ድንጋይ መንገድ ላይ አይተውም፤ አባቴ በዚህ ነበር የሚቆጣ።
አነሣሁት። ሰርገኛው በጎኔ አለፈ፤ እኔ ታቅፌው ዳገቱን ስወጣ።

ላይ፣ ሜዳው ላይ፣ ሞተሯን አጥፍታ ቆማለች።
ከተማው ከታች በርቷል፤ ግንቡም፣ አዘዞም፤ እሷ ግን እጄን ታያለች።
«ምን ልትሠራው ነው ይህን?»
«እንጃ» አልሁ።
በሩን ከፈተች፤ እግሬ ሥር አስቀመጥሁት።
ስንወርድ፣ በየኩርባው፣ እየተንከባለለ ቁርጭምጭሚቴን መታኝ።
አልጣልሁት።