የመጨረሻ የመጨረሻ

ዓባይ ማዶ፣ ከጎሚስታው ጀርባ፣
ቶርኖው ይጮህ ነበር ጀንበሯ ስትገባ።
ይበልጣል መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ
አንድ ዘንግ አወጣ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ፤
ትኩሱን እንዳለ ጭኔ ላይ አኖረልኝ፣
«የአዱኛው ጀልባ አከርካሪ ይኸውልሽ» አለኝ።

ካሊፐሩን ያዝሁ። ሠላሳ ስድስት።
ገልብጬ ለካሁት። ሠላሳ ስድስት።
ኩሽኔታው ግን የሚጠብቀው ሠላሳ ስምንት።

ሁለት ሚሊሜትር፤ ሁለት የጤፍ ቅንጣት
ጎን ለጎን ቢተኙ የሚይዙት ስፋት።
ብረት እንደ ሊጥ አይደል፣ አይጨመርበትም፤
የላጡትን ገላ መልሰው አይሰፉትም።
ጣና ደግሞ እንዲህ ያለ ክፍተት ሲያገኝ አይለመን፤
ጤፍ በምታህል በር ገብቶ ያሰምጣል ጀልባውን።

«ተሳሳትህ!» አልሁት፣ ድምፄ ከፍ አለ።
መልስ አልሰጠኝም። ከግድግዳው ወረቀት ነቀለ፤
ግራሶ የጠጣ፣ ጠርዙ የተበላ፣
ከታች የእኔው ፊርማ፣ የማንም አይደል የሌላ፣
ከላይ በእኔው እጅ፦ «የመጨረሻ»።

ማታውን ኮምፒዩተሬን ከፍቼ ቆጠርሁ።
«የመጨረሻ»፣ የታኅሣሥ ነበረ።
«የመጨረሻ ሁለት»፣ ጥር ላይ የተቀየረ።
«እውነተኛ የመጨረሻ»፣ ቀን የለው፣ ስም የለው።
«አሁንስ የመጨረሻ»፤ ይህን መቼ ጻፍሁ? እሱ ይወቀው።
አዲሱ ከጠረጴዛዬ ፈቀቅ ሳይል ቀረ፤
አሮጌው በፍላሽ፣ በባጃጅ፣ ድልድዩን ተሻገረ፤
እንደ ቃል ታመነ፣ ብረት ሆኖ አደረ።
ስክሪን ላይ ሳለማ ስህተቴ ክብደት አልነበረው፤
አሁን ዘጠኝ ኪሎ ነው።

በማግስቱ ለአዱኛው ልነግረው ሐይቁ ዳር ወረድሁ።
ጀልባው በጎኑ ተኝቷል።
አጠገቡ አንድ አዛውንት በደንገል ታንኳ ያስራሉ፤
መለኪያቸው ክንዳቸው፣ ሥዕሉ በዓይናቸው፤
አሳቢውም ሠሪውም አንድ እጅ ነው፣ በመሃል ነፋስ አይገባም።
ቀናሁ፣ አልዋሽም።
«ከእርስዎ በኋላስ ማን ይሠራዋል?» ብዬ ጠየቅሁ።
«ማንም» አሉኝ፣ ገመዱን በጥርሳቸው እየሳቡ፤
«ልጄ ባጃጅ ነው የሚነዳው።»

ያ ዘንግ ዛሬ የይበልጣል በር መወርወሪያ ነው።
እኔም የድሮውን ወረቀት ራሴ ሄጄ፣ በእጄ ቀድጄ፣
«የመጨረሻ» የሚለውን ቃል ተውሁት።
አሁን ከሥዕሌ ግርጌ ቀን አለ፣
ምን እንደተቀየረ፣ ማን እንደቀየረ፣
ከዚያ አንድ ፊደል ብቻ፦ ሀ፣ ቀጥሎ ለ፣ ቀጥሎ ሐ።
የአዱኛው ዘንግ መ ላይ ደርሷል።
እስከ ፐ ገና ሩቅ ነው።