ጥቁሩ ውሃ ነው

በእኔ መስኮት ውስጥ ጥቁሩ ውሃ ነው፤
ነጩ ድንጋይ ነው፣ ጥላው ከኋላ የሚከተለው።
ለተማሪ በመጀመሪያው ቀን ይህን ነው የምነግረው፤
የቀረው ግራጫ ነው፣ ዓይን ከርሞ የሚለየው።

ሮብሌ ይህን ሳይማር ያውቃል።
ደቻቱ ደርቆ አሸዋው ሲግል
በተረከዙ መትቶ፣ ጎንበስ ብሎ ያደምጣል፤
"እዚህ ጋ" ይላል። እዚያ ጋ ይቆፈራል።
ከገንደ ቆሬ እስከ ቀፊራ፣ ጀሪካን የጫነ አህያ
እሱ ካወጣው ጠጥቶ ነው የሚዘልቀው ገበያ።

ዛሬ በሆዱ ተኝቷል፤ ጀርባው አዮዲን ተቀብቶ፣
ግራ ኩላሊቱ እንደ ተገደበ ጎርፍ ሞልቶ፣ ተነፍቶ።
ታች፣ በቀጭኑ ቧንቧ፣ ሽምብራ የምታህል
አንዲት ጠጠር በሩን ዘግታ፣ ውሃው ወደ ላይ ይመለሳል።
ሦስት ሌሊት በትኩሳት ሲንቀጠቀጥ አድሮ
ልጁ ሆዳን በባጃጅ አመጣችው፣ በነጠላዋ ታስሮ።

ዶክተር ኢፍቱ መርፌውን ይዛለች፣
ከወስፌ የቀጠነውን፣ ከስንዝር የረዘመውን።
እጇን አታይም። መርፌውንም አታይም።
የምታየው የኔን መስኮት ነው፤
የምትወጋው ሰው እዚህ፣ ዓይኗ እዚያ።
እኔ በጄል የራሰውን መሪ ጎኑ ላይ አሳርፌ
ቆሜያለሁ፤ የእጄ አንጓ ቅንጣት ካዘነበለ
መርፌው ከዓለም ይጠፋል፣ ሥጋው ውስጥ እያለ።

"ትንፋሽህን ያዝ" አለችው በሶማልኛ፤
ኩላሊት በትንፋሽ ይወርዳል፣ ይወጣል፣
የሚቆምልን ሰውየው ሲቆም ነው።
ነጯ መስመር ቆዳውን አለፈች፣ ስቡን አለፈች፣
ጡንቻው ላይ ጥቂት አመነታች፣
አራት ሳንቲም ገባች፤

መብራት ጠፋ።

በድሬ መብራት ቢጠፋ ማን ይደነግጣል?
ሱቅ ውስጥ ቢሆን ሻማ ይለኮሳል፣ ወሬው ይቀጥላል።
እዚህ ግን መስኮቴ ሞተ፣
ውሃውም ድንጋዩም መርፌውም አንድ ጥቁር ሆነ።
ጥቁር ሁሉ ውሃ እንዳልሆነ
ያኔ ገባኝ፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ።

ተማሪው የስልኩን ባትሪ አበራ፤
ያሳየን ቆዳውን ብቻ ነው።
ማራገቢያው እየዘገመ ቆመ፣ ሙቀቱ እንደ እንግዳ ገባ፣
ከግንባሬ የወረደው ላብ አገጬ ላይ ተንጠለጠለ፤
አልጠረግሁትም።
ኢፍቱ አልገፋችም፣ አልሳበችም።

ከትራሱ ውስጥ የታፈነ ድምፅ፦ "ስንት ክንድ ቀራችሁ?"
"ክንድ አይደለም ሮብሌ፣ ሁለት ጣት።"
"ኤዲያ! በሁለት ጣት ውሃ የሚያቆም ሰው!"
ደግሞ ዝም አለ። ቆይቶ፦
"እኛም ጉድጓድ ውስጥ ኩራዝ ሲጠፋብን
አካፋ አናነሳም።"

ጀነሬተሩ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ሦስቴ ሳለ፣
በአራተኛው ተነሳ።
ማሽኑ ግን ሲነቃ አይቸኩልም፤
የፋብሪካውን አርማ ያሳያል፣
የታካሚ ስም? ዕድሜ? ይላል፣
ምንም እንዳልሆነ።
ከዚያ ግራጫው እንደ ንጋት ቀስ ብሎ ፈሰሰ፣
ነጯም መስመር እዚያው፣ እንደተውናት፣
ከጥቁሩ ደጃፍ ሁለት ጣት ቀርቷት።

"ያዝ" አለችው። ያዘ።
እጇ ብቻ የሚሰማው ትንሽ መበሳት፣
አካፋ ከደረቅ አሸዋ ወደ እርጥቡ ሲያልፍ የሚለውን ዓይነት።
ከዚያም በቱቦው መጣ፤
መጀመሪያ የደፈረሰ፣ የሸተተ፣ ኋላም እየጠራ፣
እንደ ማንኛውም አዲስ ጉድጓድ።

"ጨው አለው?" አለ ሮብሌ፣ "ወይስ ይጠጣል?"
ኢፍቱ ከጠዋት ጀምሮ ያን ጊዜ ሳቀች።

ጠጠሯ ገና እዚያው ናት፤
ለእሷ ለሚመጣው ወር ቀጠሮ ይዘናል።

ማታ ደቻቱን በድልድዩ ሳይሆን በአሸዋው ተሻገርኩ።
ልጆች የጨርቅ ኳስ ያንከባልላሉ።
ማንም እንደማያየኝ አጣርቼ ጎንበስ አልኩና
መዳፌን አሸዋው ላይ አሳረፍኩ፣
እንዳላዘነበለ ተጠንቅቄ።

ይሞቃል። ሌላ ምንም አላየሁም።