ክፍል አለ

ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
ባጃጁ ጎማውን ነከረው ከጭቃ።
«እዚህ ጋ ውረጂ፣ ወዲያ አልገባም» አለኝ፤
ጫማዬን አውልቄ፣ መንገዱ ተቀበለኝ።

ደሞዜን በልቤ ከፍዬ ነው የመጣሁት፤
ግማሹን ለኪራይ፣ ሩቡን ለእናቴ ሰጠሁት፤
የቀረው ለታክሲ፣ ለዳቦ፣ ለሳሙና፤
ካርድ የምሞላበት አልተገኘም ገና።

ደላላው ጉደታ፣ ጃንጥላ ዘርግቶ፣
ጠበቀኝ ከሱቅ በር፣ ከጥግ ተጠግቶ።
«አስተማሪ ነሽ?» አለኝ። «ላብራቶሪ ነኝ፤
ጠርሙስ ሳለቀልቅ ነው ቀኑ የሚመሽብኝ።»
«ያው ነው» አለ ስቆ፣ «ያው የግቢ ሰው፤
ኪራይ ሲጠራለት እኩል ነው የሚያለቅሰው።»

የመጀመሪያው ቤት ኮንዶሚኒየም ነው፣
አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ውሃ የማይደርሰው።
ስቱዲዮ ይሉታል፤ አልጋ ከገባበት፣
እኔ የምቆመው ደረጃው ላይ ምናልባት።
ዋጋውን ሲነግረኝ ደግሜ ጠየቅሁት፤
ሁለተኛው መልሱን ጨምሮ ሰማሁት።

ሁለተኛው ግቢ፣ ወይዘሮ አስካለ።
ከእግር እስከ ራሴ አንድ ጊዜ መዘኑኝ።
«ላጤ ነሽ?»
«ነኝ።»
«እንግዳ ታበዣለሽ?»
«የለኝም።»
«ልብስስ?»
«ቅዳሜ ቅዳሜ።»
«በስንት ባልዲ?»
ዝም አልኩ።
ዕድሜዬን በባልዲ ቆጥሬው አላውቅም።

«መብራት በሦስት ሰዓት ይጠፋል፤ ልማድ ነው፤
ምድጃ አይሰካም፤ ካውያም ክልክል ነው፤
ሽንት ቤቱ ለሰባት፣ ቁልፉ እኔ ጋ ነው።»
«ሌላስ?» አልኩ። «ሌላማ፣ ቅድሚያ የስድስት ወር።»
ልቤ ቀድሞኝ ወጣ፤ እኔ ቀረሁ ከበር።

ሦስተኛው ግድግዳው ያልበው ነበር።
አራተኛው ከመጠጥ ቤት ጋር ጀርባ ለጀርባ።
አምስተኛውን ቀድመውኛል፤ ጥዋት፣ ሁለት ተማሪዎች፣
ፍራሻቸውን በጭንቅላት ተሸክመው።
ጉደታ ደከመው።
«የእግሬን» አለኝ። ሰጠሁት። ጃንጥላውም አብሮት ሄደ።

ከቆርቆሮ አጥር ላይ፣ በኖራ ተጽፎ፣
«ክፍል አለ። ደላላ አይግባ።» ፊደሉ ተቃቅፎ።
አንኳኳሁ። ብቅ አሉ፣ አባባ ደቻሳ፣
ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ራዲዮ እያገሳ።
ክፍሏን አሳዩኝ። ጭቃ ናት፤ ግን ደረቅ ናት፤
በዩኒቨርሲቲው በኩል አንዲት መስኮት አላት።

«የቱ ጋ ነሽ?» አሉኝ። በአጥሩ አሻግሬ፣
«ያ ሰማያዊ ጣራ» አልኩ፣ ጣቴን ቀስሬ።

ራዲዮውን ከኪስ አውጥተው ዘጉት።
«እሱ» አሉ፣ «የሽምብራው ነው።»
«ነበር» አላሉም።
«መሬቱ ጥቁር ነው፤ ውሃ ይተኛበታል።
ምን ትሠሪበታለሽ?»
«ጠርሙስ አጥባለሁ፤
ውስጡ ያለውን ለክቼ እጽፋለሁ።»
«እኔም» አሉ፣ «ሲለኩት
ሜትሩን ባንድ በኩል ይዤላቸዋለሁ።»

አሁን ይጨምራሉ ብዬ ጠበቅሁ፤
ወይ ያዝናሉ፣ ይቀንሳሉ።
ያንኑ የሰፈሩን ዋጋ ጠሩ፣
ሁለት መቶ ብር ጎደል፣
የደላላው ድርሻ እንዳይባክን።
«ቅድሚያስ ስንት ወር?» አልኩ፣ ቦርሳዬን ጨብጬ።
አዩኝ፣ ሞኝ እንደሚያዩት።
«ምርት ሳይገባ ማን ይሰፍራል፣ ልጄ?
ወሩ ሲሞላ ስጪኝ።»

ሌሊቱን የግቢው መብራት በመስኮቷ ገብቶ
ግድግዳው ላይ ቆየ።
ከኔ በፊት የነበረ ሰው በእርሳስ ጽፏል፦
የመብራት ሂሳብ፣ የዳቦ ዱቤ፣
ያልተጨረሰ ቀመር፣
ከሥሩም «ተመስገን፣ C+»።
አልቀባሁትም።

ሲነጋ ጠርሙሶቼን አጠብኩ።
ውሃው በቧንቧው ቁልቁል ሲንዶቀዶቅ፣
ወደየት እንደሚሄድ አሁን አወቅሁ።
ከላብራቶሪው መስኮት ቤቴን ፈለግሁት፤
ቆርቆሮ በቆርቆሮ ላይ።
ኋላ ለየሁት፣ በኖራው፤
የሌሊቱ ዝናብ «ክፍል»ን አጥቦት ሄዷል፤
«አለ» ግን አለ።