ሁለት ሳንቲም

አሞራ ገደል፣ በማለዳ፣ ዓሣው ሳይገፈፍ ገና፣
«ንጉሡን አየኸው ወይ?» አለኝ ልጄ ባሪሶ፣ መረብ ያዘና።

አላየሁም።
አጥሩን ነው ያየሁት፣ የበሩን ወርቅ፣ የፈረሱን ፋንድያ፣
ጠራጊውንም ሰውዬ፣ ከነአካፋው፣ እዚያ።
እህትህ ጸጋነሽ፣ ወደ ጣራው ጣቷን ቀስራ፦
«ያ ሰንደቅ ካለ ቤት ነው፤ ከሌለ ወጥቷል ለሥራ።»
(ላታሞንስ ሰፈራችን የሚያውቀው በምን ሆነና?
ብስክሌቱ ደጅ ከቆመ አለ፤ ከሌለ፣ ጎዳና።)

ወንዛቸው ላይ ነጭ ወፍ አየሁ፣ አንገቷ እንደ መቀነት፤
«የዘውድ ናት» አሉኝ። ለካ ወፍም ይወረሳል ከአባት!
አባ ኮዳ ታወሰኝ፣ የኛው መላጣ፣ የኛው ሆዳም፣
አንጀት ሲለቅም የሚውል፤
ቢያወርሱትስ ማን እሺ ይላል፣ ከዘር አዳም?

ከግንብ መሀል ቀይ የፖስታ ሣጥን፣
የሞተ ንጉሥ ስም ከሆዱ ላይ ጎልቶ፤
የሚፍቀው የለም፤ ያድሰዋል እንጂ ቀቢው፣ ቀለም ገዝቶ።
እኔ በዕድሜዬ ሦስት ፎቶ ሲወርድ አይቻለሁ
ከቀበሌው ግድግዳ፤
ሚስማሩ ግን ያው ነው። ሚስማሩን አውቀዋለሁ።

አውቶቡስ ላይ ጠየቅኋት፦
«አባት ሞቶ ልጅ የሚነግሠው ከስንት ቀን በኋላ ነው?»
«ያኔውኑ» አለች፤ «ዙፋኑ ለአንዲት ትንፋሽ ባዶ አይሆንም፤
ዘውድ መድፋቱ ነው የሚዘገይ፣ ንግሥናው አይቆይም።»
እኛ ዘንድ ባለጀልባ ሲሞት
ጀልባው እስከ ሙት ዓመቱ ታስሮ ይበሰብሳል፣
ወራሽ ከወራሽ ጋር ፍርድ ቤት ይመላለሳል።
ቆይታ ደግሞ፦ «ድሮ ወንድ ይቀድም ነበር፤
ዛሬ በኩር ከሆነች ሴትም ትወርሳለች።»
እኔን አላየችኝም። መስኮቱን ታያለች።
አንድ ጀልባ ነው ያለኝ። ሁለት ወንድ፣ አንዲት ሴት።
በኩሬ እሷ ናት።
ዝናቡን እያየሁ ዝም አልኩ፣ እስክንደርስ ቤት።

ስመለስ ከኪሴ ጥግ ሁለት ሳንቲም ቀረ፤
ባንዱ እናት ወደ ቀኝ ታያለች፣ ባንዱ ልጅ ወደ ግራ ዞረ።
ልማድ ነው አሉ፤ አዲስ የነገሠ ፊቱን ያዞራል ካለፈው።
የገረመኝ ግን ሌላ ነው፣ ከወርቁም ከሰልፉም የገዘፈው፦
ዳቦ ቤት ሁለቱንም ዓይነት ስሰጥ፣ ሻጯ ሳታይ ተቀበለች፤
እሱም ይገዛል፤ እሷም ሞታ ትገዛለች።

ሳንቲሞቹን ከጀልባው ጠርዝ ላይ አኖርኳቸው።
ሀሜሶ እናትየዋን አነሳ፣ ባሪሶ ልጇን ወሰደ፤
ከንጉሡ ጉንጭ የዓሣ ቅርፊት ተጣብቆ፣ ፀሐይ ስታገኘው ነደደ።
«ጀልባውስ?» አለኝ ሀሜሶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።
«ጀልባዋማ፣ እያት፣ ውሃ ይዛ አድራለች፤
ቆርቆሮውን አቀብለኝ፤
ካልተቀዳላት ትሰጥማለች።»