ሦስት ወደብ፣ አንድ ፋኖስ

ሰባት ወር ፈለግሁት ከፔዳ እስከ ሐይቁ ዳር፣
አንድ ቁጥር ብቻ፤ ከገዛ ርቢው ጋር
ቀለበቱን ሁሉ የሚወልድ፣ ከማንም ሳይበደር።
አልፋ አልኩት ስሙን፣ ገና ሳላገኘው፣
ላልተፀነሰ ልጅ ስም እንደሚያወጣ ሰው።

«ይቺ ታፍታታሽ» ብለው ሰጡኝ ዶክተር ይሁኔ፣
ቢሮ በር ላይ ጭቃ እየጠረጉ፣ በሰኔ፦
ኤክስ ኩብ፣ ሲቀነስ ኤክስ ካሬ፣
ሲቀነስ ሁለት ኤክስ፣ ሲቀነስ ስምንት፤
ሥሯ መስኩን አዳረሰ፤ ለቀለበቱ ግን ቀረው ጥቂት።
ሳምንት የመሰለኝ ሥራ እስከ ጥር ዘለቀ፤
ሦስት ደብተር ሞላ፤ የክፍሉ ጠመኔ አለቀ።

ሥሯና ካሬዋ ተደምረው ለሁለት ቢካፈሉ
የሚወጣው፣ ክፋይ ይመስላል እንጂ፣ ሰውነቱ ሙሉ፤
የቀለበቱ ልጅ ነው፤ በሥሯ ርቢ ግን አይደረስበትም፣
ደጅ ያድራል። ብጠራው ብጠራው አይገባም።
ሌላ አልፋ ሞከርኩ፤ ደግሞ ሌላ፤ ደግሞ ሌላ፤
ጉድለቱ ሁሌ ለሁለት ይካፈላል፣ እኩል በኩል፣ ያለ መላ።

መብራት በጠፋበት ማታ ወረድኩ ወደ ወደቡ።
የጀልባቸውን ገመድ ያስራሉ አቶ ጥጋቡ፣
ሠላሳ ዓመት ደልጊ፣ ጎርጎራ፣ ቁንዝላ ያመላለሱ፣
ናፍጣ የጠገበ ካፖርት በሙቀትም የሚለብሱ።
«ዓባይ» አሉ፣ «ሐይቁን ሳይነካ ያቋርጣል ይላል ሰው፤
ካንድ ምንጭ ነው ይላል ሁሉንም የሚያፈሰው።
ታዲያ ርብ ሲሞላ፣ ጉማራ ሲደፈርስ፣ መገጭ ድንበሩን ሲወጣ
ይሄ ሁሉ ደለል ከየት መጣ?»
ርብ ሲሉ ርቢ ሰማሁ። እንዲህ ነበር የከረምኩት።

«ሬዲዮ ባልነበረ ጊዜ ሦስት ወደብ፣ በየወደቡ አንድ ፋኖስ፤
ወይ በርቷል፣ ወይ ጠፍቷል፤ ሌላ ወሬ የለም ምድር እስኪደረስ።
ሁለቱ መንታ ይሆናሉ፣ ወደድሽም ጠላሽም፤
ደልጊ ብዬ ጎርጎራ ያራገፍኩት ማሽላ ይኸው አልተረሳም።»

ቆምኩ።
ሁለት፣ በኔ መስክ፣ ሦስት ቦታ ነው የሚሰነጠቀው፤
ሦስት ወደብ። ዜሮ ወይ አንድ ብቻ ነው እያንዳንዱ የሚያውቀው።
አልፋ ማንም ይሁን ማን፣ ለሁለቱ አንድ ፊት ያሳያል፤
ከሱ በቀር ሀብት የሌለው ቀለበት ሦስቱን በምን ይለያል?

የለም።
አልጠፋም፤ የለም።
ሰባት ወር የፈለግሁት አልተደበቀም።

«ምን ጠፋብሽ?» አሉ፣ በባትሪ ፊቴን አይተው።
«ምንም። እንደሌለ አገኘሁት፣ ይኸው።»
«እና ስንት ፋኖስ ይበቃል?»
ጣቴን አወጣሁ፦ ሁለት።
ሳቁ። «ያን ሁሉ ላምባ ያኔ ማን ሊገዛ ኖሯል!»

በባጃጅ ተመለስኩ። መብራቱ ገና አልመጣም ነበር።
ሻማ ለኩሼ፣ ከሦስተኛው ደብተር
ያን ደጅ የሚያድረውን ቁጥር
አወጣሁና ቤት አስገባሁት፣
ካልፋ ጎን አስቀመጥኩት፣
ቤታ አልኩት።